ጀርባውን ገልብጦ ማየት፦ ከውጭ ተመልሶ ጅማ ላይ ጌጥ መሥራት

ቤይሩት ጥግ ባለው በቡርጅ ሐሙድ የአርመኖች ሰፈር ወይም ዱባይ ዴይራ የወርቅ ገበያ ያለፈ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ላይ ነው። ጌጥ ሠሪ ለመሆን ያሰበ ሰው ግን ዕቃውን አንስቶ ይገልብጠው። የጉትቻው መንጠቆ ጫፍ ተሞርዶ ክብ ሆኗል ወይስ እንደተቆረጠ ቀርቷል? ማያያዣ ቀለበቶቹ በገጠሙበት ቦታ ክር ይይዛሉ? ብየዳው ከፊት ሳይታይ ከኋላ ጎርብጧል? ጥሩ አንጥረኛ የሚታወቀው በዚህ በኩል ነው። ውጭ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ይዞት ቢመጣ የምመኘውም ይህንኑ ማንም የማያየውን ጎን በጥንቃቄ የመጨረስ ልማድ ነው።

ከዐረብ አገርና ከሊባኖስ ወደ ጅማና አካባቢዋ የሚመለሱት ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል «ጌጣጌጥ ልጀምር» የሚሉ ሴቶችና ወንዶች አሉ። የተለመደው አጀማመር ሻንጣ ሙሉ የፕላስቲክና የመስታወት ዶቃ፣ ወርቅ የተቀባ ሰንሰለትና ዝግጁ መቆለፊያ ይዞ መምጣት ነው። ዶቃው ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። ያው ዕቃ አዲስ አበባ መርካቶም ስለሚገኝ ዋጋውን የሚወስነው አስመጪው ይሆናል፤ የሠሪዋ ድርሻ ክር ውስጥ ማስገባት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጅማ ላይ ግን የቡና ግንድ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ቀንድ አለ፣ ሰም አለ፣ የመዳብ ሽቦ በየኤሌክትሪክ ሱቁ አለ። ማቴሪያሉ እዚህ ከሆነ፣ ከውጭ የሚያስፈልገው ልኩና አጨራረሱ ነው።

በመዳብ መጀመር ይሻላል። ርካሽ ነው፣ ስህተትን ይችላል፣ ብር ላይ የሚደርሰውን ሁሉ አስቀድሞ ያሳያል። ለቤት መስመር የሚያገለግለው ባለ አንድ ዘንግ 1.5 ሽቦ ውፍረቱ 1.38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 2.5 የሚባለው 1.78 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስሙ ላይ ያለው ቁጥር የአቆራረጡ ስፋት እንጂ ውፍረቱ አይደለም። የመጀመሪያው ለአምባርና ለማያያዣ፣ ሁለተኛው በመዶሻ ጠፍጥፎ ለቀለበት ይሆናል። የፕላስቲክ ልባሱን በእሳት አቃጥሎ ማውጣት ፈጣን ይመስላል፤ ጭሱ ግን ሳንባ የሚቆጣ አሲድ አለበት፣ መዳቡንም አጥቁሮ ይተወዋል። በስለት በቁመቱ ሰንጥቆ መላጥ ነው የሚሻለው።

መዳብ በተጠማዘዘ፣ በተመታና በተጎተተ ቁጥር ይጠነክራል። ከዚያ በላይ ካስገደዱት በመታጠፊያው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣና ይሰበራል። መፍትሔው በእሳት ማለዘብ ነው፦ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቦታ ሆኖ ጠቆር ያለ ቀይ እስኪመስል ማሞቅ፣ ከዚያ ወዲያው ውሃ ውስጥ መንከር። ብረትን እንዲህ ያደረገ ያጠነክረዋል፤ መዳብና ብር ግን ይለዝባሉ፤ ከብረት ሥራ የመጣ ሰው ይህን ለማመን ጊዜ ይወስድበታል። ፀሐይ ላይ ሆኖ ማሞቅ አደገኛ ነው፣ ቅላቱ ስለማይታይ ሳይታወቅ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። የቀረውን ጥቁር ቅርፊት ሞቅ ባለ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ያነሳዋል። ዕቃውን ከሎሚው ውስጥ በእንጨት መቆንጠጫ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ብረት ከገባበት ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው መዳብ ተመልሶ በብር ዕቃ ላይ ሮዝ ልባስ ይሆናል።

ማያያዣ ቀለበት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሐብል የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ስለሚከፈት ነው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ለስላሳ ምስማር ወይም የፑንታ (የመሰርሰሪያ መብሻ) ግንድ ላይ ሽቦውን አጥብቆ እንደ ጥምጥም መጠቅለል፣ ከዚያ በቀጭን መጋዝ በአንድ መስመር መቁረጥ። በመቁረጫ ፒንሳ የተቆረጠ እንደሆነ ሁለቱም ጫፍ እንደ ጣሪያ ሹል ይሆናል፤ ሹልና ሹል ፊት ለፊት ሲገናኙ መሃላቸው ባዶ ይቀራል፣ ክርም ቀጭን ሰንሰለትም በዚያ ያመልጣል። ሲከፈት ወደ ጎን ነው፤ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ። ወደ ውጭ የተከፈተ ቀለበት ዳግመኛ ክብ አይሆንም።

መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ላይ አረንጓዴ ያወጣል፤ ጉዳት የለውም፣ በሳሙና ይለቃል፤ ግን ገዢው አስቀድሞ ካልተነገረው ዕቃው ውሸት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ከውስጥ በኩል በስሱ ቢቀባ ለጥቂት ወራት ይከላከላል። ጆሮ ውስጥ ለሚገባው ሽቦ ግን መዳብም ነሐስም አይሆንም። ብር መስሎ ከሚሸጠው ነጭ ሽቦ ብዙው ኒኬል አለበት፤ ኒኬል ደግሞ የጆሮ ቀዳዳን ከሚያስቆጡ ብረቶች ቀዳሚው ነው። 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ 925 ብር፣ ወይም ለሕክምና የሚያገለግለው ዓይነት የማይዝግ ብረት ይሁን። ጫፉ በደቃቅ ሞረድ ይከብባል፣ ከዚያ በቁጥር 400፣ ቀጥሎ በ600 ብርጭቆ ወረቀት እየተሽከረከረ ይለሰልሳል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ጫፉን ናይሎን ካልሲ ላይ መጎተት፤ ክር ከያዘ ጆሮም ይቧጭራል።

አሁን ወደ ቡናው። የቡና ጌጥ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ፍሬውን ነው፤ እኔ ግን ግንዱን አስቀድማለሁ። ያረጀ የቡና ዛፍ ተጎንድሎ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆረጥ የሚወድቀው ግንድና ቅርንጫፍ ሁሉ ማገዶ ነው። እንጨቱ ፈዘዝ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የውስጥ መስመሩ የማይታይ ስለሆነ አጥንት እስኪመስል ይለሰልሳል። ገና ጉንደላው ሳያልቅ ባለ እርሻውን አነጋግሮ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ መለየት ነው። መርፌ የወጋው የሚመስል ትንሽ ቀዳዳ ያለበትን መተው፤ ነቀዝ ውስጡ አለ፣ ሐብሉ ከተሸጠ በኋላ ዱቄት ያፈሳል።

ልጡ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይላጣል፤ ከደረቀ በስለት እንኳ ያታግላል። ከተላጠ በኋላ ሁለቱ ጫፎች በቀለጠ ሰም ይደፈናሉ። ምክንያቱም እንጨት ውሃውን ከሁሉ ፈጥኖ የሚለቀው በጫፉ ነው፤ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር መሃሉ ገና እርጥብ ስለሆነ ከልቡ ወደ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሰሙ መድረቁን ያዘገየዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝ የክር ከረጢት፣ ሁለት ወይም ሦስት ወር። ደርቋል ወይስ አልደረቀም የሚለውን በግምት መፍረድ አያስፈልግም፦ አንዱን ዘንግ ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ በወርቅ ቤት ሚዛን መመዘን፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክብደቱ ካልቀነሰ ለሥራ ደርሷል። ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ በመሆኗ በክረምት የተቆረጠ በክረምት አይደርቅም፤ ሥራው ከበጋው ጋር ቢታቀድ ይሻላል።

ዶቃውን ቆርጦ ከዚያ መብሳት የጀማሪ ሥራ ነው፤ ትንሿ ክብ በሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ በሚይዘው የብረት መንጋጋ) አትያዝም፣ ጣት ላይም ትበርራለች። ዘንጉ በ5 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ ሞርሳ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ 2 ሚሊ ሜትር ፑንታ በልቡ ይገባል። የቡና እንጨት መሃሉ ላይ ለስላሳ ልብ ስላለው ፑንታውን ራሱ ይመራዋል። ከአንድ ወገን ብቻ እስከ ዳር መብሳት አይገባም፤ ቀጭን ፑንታ በረጅም ጉዞ ወደ ጎን ይሸሻል፣ በሌላው ጫፍ ሲወጣ መሃሉን ስቶ ይገኛል። ከሁለቱም ጫፍ ግማሽ ግማሹን ነው መሄድ፣ በየሴንቲ ሜትሩም ፑንታውን አውጥቶ ዱቄቱን ማራገፍ፤ ካልተራገፈ ይሞቃል፣ ቀዳዳውን ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። የተበሳው ዘንግ ከዚያ በቀጭን የሴጌቶ ምላጭ በ10 ሚሊ ሜትር ይከፈላል። እያንዳንዱ ቁርጥ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ ከ5 ሴንቲ ሜትር አራት ዶቃ ይወጣል። ለ45 ሴንቲ ሜትር ሐብል 44 ዶቃ ካስፈለገ 11 ቁራጭ፣ ማለትም 55 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ነው፤ የሚሰነጠቀውንና መልኩ የማይገጥመውን አስቦ አንድ ሜትር ማዘጋጀት ተገቢ ነው።

ጠርዙን ለማክበብ ዶቃዎቹን በረጅም ቀጭን ብሎን ላይ ደርድሮ በዳዶ ማሰርና በትራፓኖ (በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ) ማሽከርከር ይቻላል፤ መጀመሪያ ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 220፣ መጨረሻ 400። አንዱን ቁጥር ዘሎ ወደ ቀጣዩ መሄድ ጊዜ አያተርፍም፤ የ120ው ጭረት በ400 አይጠፋም፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ እንዳዲስ ይታያል። ለማጠናቀቂያው አንድ እጅ የንብ ሰም ለአራት እጅ የተልባ ዘይት። ሰም በ62 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ በሞቀ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ይበቃዋል፤ በቀጥታ እሳት ላይ ማድረግ እሳት ያስነሳል። ተቀብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል። የተለመደው የምግብ ዘይት አይተካውም፤ አይደርቅም፣ ከርሞ ይሸታል፣ ልብስም ይበክላል። ያ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ አይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ነው።

ፍሬውን በተመለከተ፣ በደንብ የተቆላ ቡና ለጌጥ አይመችም። ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣና ቫርኒሹ አይይዝለትም፣ ደርቆም ስለተሰባበረ ፑንታ ሲነካው ይፈረካከሳል። ጥሬው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ነቀዝም ይበላዋል። መሃከለኛው መንገድ መጥበሻ ላይ ገና ቢጫ ሲል፣ ፈጽሞ ሳይንጣጣ ማውጣት ነው፤ ነቀዙ ይሞታል፣ ዘይቱ አይወጣም። 1 ሚሊ ሜትር ፑንታ በወገቡ በአግድም ይግባ። በቁመቱ ከሄደ ከሆዱ ስንጥቅ ጋር ይገናኝና ፍሬው ለሁለት ይከፈላል። ቫርኒሹ ስስ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ፣ የቀዳዳው ውስጥ ጭምር።

ቀንድ ከሥጋ ቤት ይገኛል፤ ብዙ ሰው የሚተወው ስለሚሸት ነው። የውስጡ አጥንት የሚለቀው ሲቀቀል ነው፤ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ስለዚህ በቆላ ከሚወስደው ትንሽ ረዘም ይላል። ሥራው ከግቢ ውጭ፣ ሲሞረድም አፍና አፍንጫ ተሸፍኖና ቀንዱ ረጥቦ መሆን አለበት። ከዚህ ውጭ አያያዙ እንደ ጥሩ እንጨት ነው።

ብር ላይ ሲደረስ የአጨራረስ ነገር ይበልጥ ይጠብቃል። 925 የሚባለው ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን የአንጥረኛው ጥሬ ዕቃ የነበረው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር 833 ነው፤ መቼም ይታተም መቼ 1780 የሚል ዓመት አለው፣ ክብደቱም 28.07 ግራም ነው። ውስጡ 23.39 ግራም ብርና 4.68 ግራም መዳብ ስላለ፣ ወደ 925 ለማምጣት 34.3 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይጨመርበታል። ሒሳቡን የምጽፈው ቅልቅል እንዴት እንደሚሰላ እንዲታይ ነው። የቆየ ጠገራን፣ ከዚያም በላይ የአያቶቻችንን አምባርና አልቦ ማቅለጥ ግን አልደግፍም፤ የእጅ ሥራው ከብሩ በላይ ዋጋ አለው፣ አንዴ ከቀለጠ የሚያስተምረን ምልክት አይቀርም። የተሰበረ ዘመናዊ ሰንሰለትና የአንጥረኛ ቁርጥራጭ ለመለማመጃ ይበቃል። የከበሩ ማዕድናት ግብይት ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነም ወርቅና ብር በብዛት ከመግዛት በፊት ያንን መጨረስ ያስፈልጋል።

ብየዳ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ወይ መገጣጠሚያው ክፍተት አለው፣ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ሙቀቱ አንዱ ጎን ላይ ብቻ ነው። የብር መበየጃ (ከዕቃው ቀድሞ የሚቀልጥ የብር ቅልቅል) ክፍተት አይሞላም፤ ሁለቱ ጠርዞች ወደ ብርሃን ሲያዙ ጭላንጭል ካሳዩ እንደገና መሞረድ ነው። ቦራክስ፣ መበየጃው እንዲፈስ የሚረዳው ነጭ ዱቄት፣ በውሃ ተለውሶ ይቀባል፣ መበየጃው እንደ ጤፍ ፍሬ ደቆ ይቀመጣል፣ ዕቃውም ከሰል ላይ ሆኖ በጠቅላላው ይሞቃል። ነበልባሉን መበየጃው ላይ ብቻ ያነጣጠረ ሰው ድብልብል ኳስ ሆኖ ቁጭ ሲልበት ያያል፤ መበየጃ ወደ ሞቀው ብረት ነው የሚሮጠው። ቀጭንና ወፍራም ሲገናኙ መሞቅ ያለበት ወፍራሙ ነው። 925 ብር ራሱ 800 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ስለሚጀምር ገጹ መስታወት መምሰል ሲጀምር እሳቱን በፍጥነት ማንሳት ያስፈልጋል። የሬዲዮ ጠጋኞች ስታኞ ግን ጌጥ ላይ ፈጽሞ አይነካ። እርሳስ ያለበት ብዙ ነው፣ ቆዳ ላይ የሚውል ዕቃ ላይ ቦታ የለውም፤ ከዚህም ሌላ በስታኞ የተበየደ ብር በኋላ በጠንካራ እሳት ሲሞቅ እርሳሱ ብሩን እየበላ ይበሳሳዋል።

ድንጋይ ካለ ሁልጊዜ ከብየዳ በኋላ ይገባል። በተለይ ከ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ስሙ የገነነው የወሎ ደላንታ ኦፓል ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ነው፤ ሲረጥብ ብርሃን ያሳልፋል፣ የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ሽቶና ዘይት ግን ከጠጣ ቢጫነቱ አይለቅም፤ ገዢዋ ይህን አውቃ መውሰድ አለባት።

ብርን ለማጥቆርና ቅርጹን ለማጉላት የሚገዛ ኬሚካል አያስፈልግም። ትኩስ የተቀቀለ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ ክዳን ባለው ማሰሮ ይቀመጣል፣ ዕቃው እንቁላሉን ሳይነካ ይንጠለጠላል፤ ከአስኳሉ የሚወጣው ድኝ ያለበት ጋዝ መዳብንም ብርንም በሰዓታት ውስጥ ያጠቁራል። ከዚያ ከፍ ከፍ ያለው ቦታ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ጎድጓዳው ጠቁሮ ይቀራል።

ቅርጹን ከየት እናምጣ ለሚለው፣ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ የእንጨት ጥርብ አለ፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ አለ። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ሙሉውን ቅርጽ አሳንሶ 3 ሴንቲ ሜትር ጉትቻ ላይ ማስፈር ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የወረደ መስመር በመሞረድና በማለስለስ ይጠፋል፣ የቀረውም የተዝረከረከ ይመስላል። ከበርጩማው የእግሩን ጉብጠት ብቻ፣ ከበረንዳው አንዱን ክፍት ቦታ ብቻ መውሰድ፤ ወረቀት ቆርጦ ጆሮ ላይ ሰቅሎ ከሁለት ሜትር ርቀት ማየት።

የቀለበት ልክ በግምት አይሠራም። የጠፍጣፋው ርዝመት የውስጥ ስፋቱና የብረቱ ውፍረት ተደምሮ በ3.14 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ለ17 ሚሊ ሜትር ቀለበት ብረቱ 1.2 ከሆነ 18.2 ሲባዛ በ3.14፣ ማለትም 57.1 ሚሊ ሜትር። ውፍረቱን የዘነጋ ሰው ቀለበቱ ይጠብበታል። ጣት የሚለካውም ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይሻላል፣ ጠዋት ቀጭን ነው።

ለክር፣ ጥጥ በጅማ እርጥበት ይሻግታል፣ ቆዳም እንዲሁ። የዓሣ ማስገሪያ ናይሎን ይለጠጥና በዶቃዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጥራል። ሰም የተቀባ ጠንካራ የፖሊስተር ክር፣ የጫማ ሰፊዎች ዓይነቱ፣ ለእንጨት ዶቃ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በየአምስቱ ዶቃ አንድ ቋጠሮ ቢኖር ክሩ ሲበጠስ ሁሉም አይፈስም። የእንጨት ቀዳዳ አፉ በብርጭቆ ወረቀት ካልለሰለሰ ክሩን የሚቆርጠው እሱ ነው።

ዋጋ ላይ የሚረሳው ጊዜ ነው። ያ የ44 ዶቃ ሐብል የማቴሪያል ወጪው ከሞላ ጎደል ሰምና ክር ብቻ ነው፤ መብሳቱ፣ መቁረጡና ማለስለሱ ግን ሰው በአንድ ቀን የማይጨርሰው ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የፈጀው ሰዓት ደብተር ላይ ይጻፍ፣ በሰዓት የሚገባው ደመወዝ ተባዝቶ ማቴሪያሉ ይጨመርበት፣ ለተበላሸውና ለፑንታው ደግሞ ከመቶ አሥር አሥራ አምስት። ሱቅ አስቀምጦ የሚሸጥ ሰው ድርሻ ከዚህ በላይ ይመጣል እንጂ ከውስጡ አይቆረጥም። ከዕቃው ጋር በትንሽ ወረቀት ላይ ምን ብረት፣ ምን እንጨት እንደሆነ፣ የክሩ መቀየሪያ ጊዜና ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ተጽፎ ይሰጥ፤ ከሚሸጠው ጋር ከአንድ ዘንግ የወጡ ሁለት ሦስት ዶቃዎችም ስም ተጽፎባቸው ይቀመጡ፣ አንዱ ቢሰበር መልኩ የሚገጥም ምትክ የሚገኘው ከዚያ ብቻ ነው።